የመጽሔታችንን ድረ ገጽ እንደገና ልንሠራ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ቤተ ንባብ (ደብረ ብርሃን)
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

እዚህ ደብረ ብርሃን በዓመት አራት ጊዜ የምትወጣ መጽሔት እናዘጋጃለን። 48 ገጽ ናት። አምስት ሆነን ነው የምንሠራት፤ ሁላችንም ሌላ የእንጀራ ሥራ አለን። የምንጽፈው ስለ ሰሜን ሸዋ ነው። ስለ መንዝ በግና ባና፣ ስለ ጓሳ የሣር ምድር፣ ስለ አንኮበር፣ ስለ ሸዋ ሮቢት ማሾና ሽንኩርት፣ ከከተማችን ሽማግሌዎች ስለሰማነው ወግ። የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ በየእትሙ እየጨመረ ነው፤ የምናሳትመው ቅጂም እያነሰ መጣ።

ድረ ገጽ ነበረን። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ሠራልን። ስትገቡ የመጽሔቷ ሽፋን በትልቁ ይመጣል። ሽፋኑን ስትነኩ መጽሔቷ እንዳለች በፒዲኤፍ ትከፈታለች። ገጹ ሲገለጥ የወረቀት ድምፅ ሳይቀር ነበረው። እኛ በጣም ወደድነው። አንባቢ ግን አልመጣም።

ከዚያ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ መጠሪያ ስም) ሳይታደስ ቀረ። ልጁ ያስመዘገበው በራሱ ስም ኖሯል። ስልኩን ቀይሯል፤ አድራሻውን ማግኘት አልቻልንም። ድረ ገጹም በዚያው ጠፋ።

አሁን እንደገና ልንጀምር ነው። እኔ የምመኘው ድረ ገጹ ቁርጥ መጽሔቷን እንዲመስል ነው፤ ያው አምዱ፣ ያው ሽፋኑ፣ ያው ገጹ። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ከየት ልጀምር?

ቆላው (ሸዋ ሮቢት)
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 3፡02

እህቴ፣ እኔ አንባቢ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም። መጽሔታችሁን ግን አውቃታለሁ። ስለ ሽንኩርት ማከማቻ የጻፋችሁትን ላነብ ብዬ ያንን ድረ ገጽ ከፍቼ ነበር። ፋይሉ 38 ሜጋባይት ነው አለኝ። ካርድ ሞልቼ አወረድኩት። ተከፈተ። ፊደሉ ግን የጤፍ ፍሬ ነው የሚያክለው። በሁለት ጣት አሰፋዋለሁ፣ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። ወደ ቀኝ እጎትታለሁ፣ ወደ ግራ እመልሳለሁ። ሁለት አንቀጽ አንብቤ ተውኩት።

ደግሞ ጽሑፉን መንዝ ላለው አጎቴ ልልክለት ፈልጌ ነበር። ሊንኩን ብልከው የሚከፈትለት ሽፋኑ ነው። ገጽ 31 ድረስ ግለጥ ልለው ነው? በኋላ ከተማ ስሄድ ወረቀቱን ገዛሁ፣ ሦስቱን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት። ያነበበው በዚያ ነው።

ዳስ (ደብረ ብርሃን)
ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 4፡20

ቆላው የጻፈውን ሁለት ጊዜ አንብቢው እህቴ። መልሱ እሱ ጋ አለ።

ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው የምኖረው፤ ይህን ነገር በብዙ ጋዜጣና መጽሔት ላይ አይቻለሁ። ወረቀት ላይ የምትሸጪው እትሙን ነው። ሰው ሽፋኑን ያያል፣ ይገዛል፣ ያገላብጣል። ኢንተርኔት ላይ እትም የሚባል ነገር አንባቢው አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ጽሑፍ ነው። ወይ ጓደኛው በቴሌግራም ልኮለታል፣ ወይ ጉግል ላይ «የሽንኩርት ማከማቻ አሠራር» ብሎ ፈልጎ ነው። በፊት በር አይገባም፤ በመስኮት ነው የሚገባው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ገጽ፣ የራሱ ሊንክ ይኑረው። እያንዳንዱ የጽሑፍ ገጽም ሽፋን መሆን አለበት። የመጽሔቷ ስም ከላይ፣ ርዕሱ፣ የጸሐፊው ስም፣ የስንተኛው እትም እንደሆነ፣ አንድ ጥሩ ፎቶ። ከሥሩ ሌሎች ሁለት ሦስት ጽሑፎች፣ ከዚያ «መጽሔቷን የት ላግኝ» የሚል። በቃ።

ፒዲኤፉ ለምን እንዳስቸገረው በቁጥር ላሳይሽ። ኤ4 ወረቀት 21 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። የስልክ ስክሪን 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ገጹ ስልኩ ላይ ሲገባ ወደ ሲሶው ያንሳል። በ10 ነጥብ የጻፍሽው ፊደል 3 ነጥብ ይሆናል። 3 ነጥብ የሚያነብ ዓይን የለም።

ክብደቱስ? አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ላይ ሦስት ባይት ይይዛል። 1500 ቃል ያለው ረጅም ጽሑፍ 20 ኪሎባይት ቢሆን ነው። ቆላው 38 ሜጋባይት ያወረደው 20 ኪሎባይት ለማንበብ ነው። ፎቶ ብትጨምሪበት፣ በዌብፒ (ፎቶን በሚያሳንስ የፋይል ዓይነት) አሳንሰሽ፣ አንዱን ከ80 እስከ 100 ኪሎባይት ብታደርሺው ሙሉ ገጹ ከግማሽ ሜጋባይት አይዘልም። ከካሜራ የወጣውን 5 ሜጋባይት ፎቶ እንዳለ መጫን ግን የለም።

ስለ ሊንክም አንድ ነገር። ርዕሱን በአማርኛ ሊንኩ ውስጥ አታስገቢ። ሲገለበጥ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይዘረዘራል። 20 ፊደል ያለው ርዕስ 180 ምልክት ሆኖ ቴሌግራም ላይ ይዘረገፋል። ሰው ቫይረስ ይመስለዋል፣ አይነካውም። አጭር የላቲን ፊደል ወይም ቁጥር አድርጊው። ሊንኩ ሲላክ ርዕሱና ፎቶው ከሥሩ ብቅ እንዲል ደግሞ ሁለቱም ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ይሞሉ። እዚህ አገር የመጽሔት መደርደሪያው ቴሌግራም ነው።

ቀይ ቀለም (አዲስ አበባ፣ የደብረ ሲና ልጅ)
ጥቅምት 5፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። ማተሚያ ቤት ውስጥ በገጽ ቅንብር ሥራ ነው ያረጀሁት። ዳስ ያለው ልክ ነው፤ ግን ከሱ በፊት የሚመጣ አንድ ጉድጓድ አለ።

እመቤት፣ የመጽሔቷን ፋይል በምን ፎንት ነው የምትጽፉት? አንዱን አንቀጽ ገጹን ከምታቀናብሩበት ፕሮግራም፣ ከኢንዲዛይን፣ ገልብጪና ቴሌግራም ላይ ለጥፊው። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ደስ ይበልሽ። የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ከወጣ ሥራ አለብሽ።

የድሮዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የግዕዙን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ለዓይን «ሀ» ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሌላ ነገር ነው። ወረቀት ላይ ችግር የለውም፤ ቀለም ቀለም ነው። ድረ ገጽ ላይ ግን ፎንቱ የሌለው ሰው አያነበውም፣ ጉግልም አያገኘውም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይኸው ስንት ዓመቱ፤ ግን በድሮው ፎንት የሚሠራ ሰው ዛሬም አለ። እጃችን ለምዶታል።

መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ። ሆኖም አትመኛቸው። ከተቀየረ በኋላ ሰው ቁጭ ብሎ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክረው። ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቡን ይበልጥ ተመልከቱ። ሁለት «፡» ተደርድረው በአራት ነጥብ ፈንታ የገቡበት ቦታ ይበዛል። ስልክ ላይ አንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ይቀርና ሌላው ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ «።» ቀይሯቸው።

ስለ ፊደሉ አቀማመጥም ልናገር፣ ልቤ እዚያ ስለሆነ። ግዕዝን አታዝምሙት። የላቲኑ ዘመም ያለ ፊደል የራሱ ታሪክና ቅርጽ አለው፤ የኛን ስትገፉት ግን የሚወድቅ ቤት ነው የሚመስለው። አንድን ቃል ለይታችሁ ማሳየት ከፈለጋችሁ አወፍሩት ወይም ቀለም ስጡት። መስመርና መስመሩን አራርቁ። ፊደሎቻችን ከላይም ከታችም እግርና ቀለበት ስላላቸው በላቲኑ ልክ ከተጠጋጉ ዓይን ይጨልማል። እኔ ልጄን የማሠራው የፊደሉ መጠን 18 ፒክሰል፣ የመስመሩ ከፍታ የዚያን 1.7 እጥፍ አድርጎ ነው።

ሌላው፣ ግራና ቀኙን እኩል አታድርጉት። ወረቀት ላይ እኛ ቃሉን ከመሐል ሰብረን፣ ክፍተቱን በእጃችን አስተካክለን ነበር እኩል የምናደርገው። ብራውዘር ይህን አያደርግልሽም። «እንደሚያስፈልጋቸውም» የሚል ረጅም ቃል ሲመጣ መስመሩ መሐል ጭው ያለ ገደል ይፈጠራል። ከግራ ይጀምር፣ ከቀኝ እንዳሻው ይለቅ።

ቤተ ንባብ
ጥቅምት 5፣ ከቀኑ 7፡10

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሞከርኩት። የድሮው እትም ሁሉ ምልክት ሆኖ ወጣ። ያለፉት ሁለት እትሞች ብቻ ናቸው አማርኛ የሆኑት፤ አዲሷ ልጅ በዩኒኮድ ስለጻፈችው ነው። ደነገጥኩ። ግን አሁን ማወቄ ይሻላል።

ዳስ፣ «ቁርጥ መጽሔቷን ይምሰል» ያልኩትን ትቼዋለሁ። የቆላው አጎት ነው ያሸነፈኝ።

አንኮበሬ
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 1፡45

እኔ አልስማማም፣ ይቅርታ አድርጉልኝና። መጽሔት ማለት የምትይዘው ነገር ነው። እቤት መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኳቸው አሉ፤ ልጄ ያነባቸዋል። ሁሉን በነፃ ስልክ ላይ ካፈሰሳችሁት ማን ይገዛል? በሁለት ዓመት ውስጥ ወረቀቷ ትቆማለች። ወረቀቷ ከቆመች ድረ ገጹን ማን ይጽፈዋል?

ዳስ
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2፡30

አንኮበሬ፣ ፍርሃትህ እውነት ነው። ትልልቆቹም ተሰቃይተውበታል። የአሜሪካው ኒውስዊክ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ወረቀቱን አቁሞ ሙሉ በሙሉ ኢንተርኔት ገባ። በ2014 ተመልሶ ወረቀት ማተም ጀመረ። ዘ አትላንቲክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ድረ ገጹን ለሁሉም ከፍቶ፣ በ2019 መልሶ በክፍያ አደረገው። ወረቀትም ሙሉ በሙሉ አልሞተም፣ ነፃም ሙሉ በሙሉ አላዋጣም።

ለትንሽ መጽሔት ግን መንገዱ ቀለል ያለ ይመስለኛል። አዲስ እትም ሲወጣ ሦስት ጽሑፍ ብቻ ሙሉውን ይለቀቅ። የቀሩት ርዕሳቸውና የመጀመሪያ አንቀጻቸው ይታይ፤ ከሥሩ መጽሔቷ የምትሸጥባቸው ሱቆች ዝርዝር ይኑር። ቀጣዩ እትም ሲወጣ ያለፈው በሙሉ ይከፈት። ሦስት ወር ያለፈውን እትም ከሱቅ የሚገዛ ሰው የለም፤ ኢንተርኔት ላይ ግን ለዓመታት ይነበባል። አዲስ አበባ ያለ የሸዋ ሰው የዓመቱን በቴሌብር ከፍሎ በፖስታ ወይም በአውቶብስ እንዲላክለት የሚያስችል አንድ ገጽም ይኑር። ወረቀቷን የምትሸጠው ራሷ ድረ ገጿ ትሁን።

አንኮበሬ
ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 2፡52

እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። የሱቆቹን ዝርዝር ግን በየጊዜው አድሱት። ባለፈው የተጻፈው ሱቅ ሄጄ ዘግቶ አገኘሁት።

ጓሳ ሣር (መሐል ሜዳ)
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 12፡40

መምህር ነኝ። ዘግይቼ ነው ያየሁት፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር።

ተማሪዎቼን ስለ ጓሳ ጽፋችሁ ኑ ብዬ አዝዛለሁ። የጥንቶቹ አባቶች አስቦና ጌራ እንዴት እንደተካፈሉት፣ ሣሩ ለጣሪያ ክዳንና ለገሳ እንዴት እንደሚታጨድ፣ ስንት ዓመት ተከልሎ እንደሚቆይ። ልጆቹ ጉግል ላይ ፈልገው የሚያመጡልኝ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፤ ያውም በጎብኚ ዓይን የተጻፈ። የናንተ መጽሔት ግን እዚሁ ያሉ ሽማግሌዎችን አነጋግራ የጻፈችው አላት። እኔ ወረቀቱ አለኝ። ክፍሌ ውስጥ ግን 60 ልጅ ነው ያለው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ።

መጀመሪያ፣ ጽሑፎቹን በእትም ቁጥር ብቻ አትደርድሩ። «ቅጽ 4 ቁጥር 2» ለናንተ ትርጉም አለው፤ ለተማሪ የለውም። በቦታ ይመደቡ። መንዝ፣ አንኮበር፣ ጣርማ በር፣ ምንጃር፣ ሞረትና ጅሩ። ልጁ የራሱን ወረዳ ስም ሲያይ ይነካዋል። የወረቀቷ ማውጫ አምድ ነው፤ የድረ ገጿ ማውጫ አገር ይሁን።

ሁለተኛው የአጻጻፍ ነገር ነው። የኛን ከተማ «መሐል ሜዳ» የሚል አለ፣ «መሀል ሜዳ» የሚል አለ፣ «መሃል ሜዳ» የሚልም አለ። ያንቺም ከተማ ያው ነው፤ «ደብረ ብርሃን»፣ «ደብረብርሃን»፣ «ደብረ ብርሀን»። ተማሪ አንዱን ጽፎ ሲፈልግ ሌላው አይመጣለትም። የለም ብሎ ይሄዳል። ድረ ገጹ ላይ ያለው መፈለጊያ ሀ፣ ሐና ኀን እንደ አንድ፣ ሰና ሠን እንደ አንድ፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ ቆጥሮ ሊፈልግ አይችልም ወይ?

ዳስ
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1፡25

መምህር፣ ይችላል። ከባድም አይደለም። ጽሑፉ አዘጋጆቹ እንደጻፉት ይታያል። ከበስተኋላ ግን ሁለተኛ ቅጂ ይቀመጣል፤ ሞክሼ ፊደሎች ሁሉ ወደ አንድ የተመለሱበት፣ ክፍተቱም የጠበበበት። ተማሪው የሚጽፈውም በዚያው መንገድ ይመለስና ሁለቱ ይገናኛሉ። ብዙ የአማርኛ ድረ ገጽ ይህን ስለማያደርግ መፈለጊያው ባዶ ነው የሚመልሰው። ይህን ያለ ገንዘብ እሠራላችኋለሁ። እኔም የመንዝ ልጅ ነኝ።

ቀኑንም አትርሱ። ድረ ገጽ መሥሪያዎቹ ሁሉ የፈረንጁን ቀን ነው የሚጽፉት። የዛሬዎቹ ብራውዘሮች ግን የኛን አቆጣጠር ያውቃሉ፣ ጳጉሜንን ጨምሮ። አንድ መስመር ኮድ ነው።

ቤተ ንባብ
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡05

መምህር፣ «ማውጫዋ አገር ይሁን» ያሉትን ለሁሉም አነበብኩላቸው። ስብሰባችን ላይ ዝም ነው የተባለው። ለአሥር ዓመት ስንጽፍ ይህ ለአንዳችንም አልመጣልንም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በጠፋው ድረ ገጽ ላይ ብቻ የወጡ፣ ወረቀት ላይ ያልታተሙ ቃለ መጠይቆች ነበሩን። ከተናጋሪዎቹ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ተስፋ አለ?

ዳስ
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 2፡40

የድሮውን አድራሻ በዌይባክ ማሽን ላይ ፈልጊው። የድረ ገጾችን ቅጂ በየጊዜው እያነሳ የሚያስቀምጥ ነፃ የመዝገብ ቤት ነው። ሁሉን ላያገኝ ይችላል፤ ግን ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ይተርፋል።

አዲሱን ዶሜይን ደግሞ በመጽሔቷ ስምና በመጽሔቷ ኢሜይል አስመዝግቡ። በእኔም ስም እንዳይሆን። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ይያዝ። በውጭ ምንዛሪ የሚታደስ ከሆነ ከአሁኑ የብዙ ዓመት ክፈሉት። በዓመት አንድ ጊዜ የሙሉውን ድረ ገጽ ቅጂ አውርዳችሁ በሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፤ እንደ መደርደሪያው ወረቀት።

ቀይ ቀለም
ጥቅምት 7፣ ከጠዋቱ 2፡00

ፋይላቸው የጠፋ የቆዩ እትሞች ካሏችሁ ስካን አድርጉና ቴሰራክት የሚባለውን ሞክሩ። ነፃ ነው፤ የአማርኛ ፊደል ከምስል ላይ ያነባል። ደህና ታትሞ ከሆነ ይሠራል። እርማቱን ለኔ ላኪልኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። በሳምንት አንድ እትም አርማለሁ።

ቤተ ንባብ
ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 1፡10

ሰላም። እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ተከፍቷል፤ መጀመሪያ ልነግራችሁ የፈለግሁት እናንተን ነው።

የፊት ገጹ ላይ ትልቅ ሽፋን የለም። ከላይ የመጽሔቷ ስም፣ ከሥሩ የወረዳዎቹ ስም፣ ከዚያ ጽሑፎቹ። ሽፋኑ ትንሽ ሆኖ ከጎን አለ፣ የሚሸጡት ሱቆች ከነስልካቸው። ድምፁን ተውነው። ለጽሑፉ ስልኩ ላይ ያለውን የግዕዝ ፎንት ነው የምንጠቀመው፤ ለርዕስ ብቻ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክን ጨመርን። ከመክፈታችን በፊት የእናቴን አሮጌ ስልክ ይዤ መናኸሪያ አካባቢ ቆሜ ሞከርኩት። ኔትወርኩ ደካማ ነበር። ጽሑፉ ቀድሞ መጣ፣ ፎቶው ቆይቶ። እንዲህ እንዲሆን ነበር የፈለግነው።

ከአራቱ ቃለ መጠይቆች ሦስቱን ከዌይባክ ማሽን አገኘን። አንዱ የሞቱት አባት ነው። ልጃቸው ደውላ አለቀሰች።

እስካሁን የገቡት አምስት እትሞች ናቸው። ጋሼ ቀይ ቀለም ያረሙት አራቱን ነው። የቀረው ብዙ ነው።

ጓሳ ሣር
ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 2፡30

«መሀል ሜዳ» ብዬ ጻፍኩ፣ መጣ። «መሐል ሜዳ» ብዬ ጻፍኩ፣ መጣ። ሰኞ ክፍል ውስጥ ለልጆቹ አሳያለሁ። እግዚአብሔር ይስጣችሁ።

ቆላው
ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 3፡15

ሮቢት ላይ ቶሎ ተከፈተ። የሽንኩርቱን ሊንክ ለአጎቴ ላክሁለት፣ ርዕሱም ፎቶውም ብቅ አለ። አንብቦ ደወለልኝ። የማሾው ጽሑፍ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ግን «ማሾ» የሚለው «ማሶ» ሆኗል አለ። ወረቀቱ ላይ ልክ ነበር።

ቤተ ንባብ
ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ 3፡21

ሲቀየር ያለፈን ነው። አሁን አርሜዋለሁ፤ እንደገና ክፈተው። አጎትህን ሰላም በልልኝ፣ ሌላም ስህተት ካዩ ይንገሩን።